ጀልባ እየጎተቱ ደንገጎን መውጣትና መውረድ፦ የማርሽ ነገር

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ ግቢ በር ላይ፣ ስድስት ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ ተሳቢ ላይ ታስራ ቆማለች። የተሳቢው መጎተቻ ዘንግ ከእኔ ሚኒባስ መንጠቆ ጋር ተያይዟል። ባለ ጀልባው ወጣት ልጅ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከከረመ በኋላ ውሃው ሲመለስ፣ ዓሣ ማጥመድም ሰው ማንሸራሸርም እንጀራ ይሆናል ብሎ ያለውን ሁሉ እዚህች ጀልባ ላይ አውሏል። ዙሪያዋን እየዞረ ገመዱን ጎተት ጎተት ያደርጋል።

«ጋሼ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንደርሳለን አይደል?»

«እንደርሳለን። ደንገጎን በሁለተኛ ነው የምወጣው፤ መኪናዋ ጮኸች ብለህ ግን እንዳትጨነቅ።»

ገባኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳልገባው ግን ከፊቱ አየሁ። አልፈርድበትም። ብዙ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ያለውም ጭምር፣ ማርሽ የሚመረጠው በፍጥነት ይመስለዋል፦ ቀስ ሲሉ አንደኛ፣ ሲፈጥኑ አራተኛ። ሜዳ ላይ ባዶ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ያገለግላል። ከኋላ አንድ ቶን አስሮ ዳገትና ቁልቁለት ለሚገባ ግን ማርሹን የሚወስኑት ሸክሙና የመንገዱ ተዳፋት ናቸው፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከማርሹ በኋላ ነው። ማርሹ ደግሞ መመረጥ ያለበት ዳገቱ ወይም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህች አንድ ነገር ነው፤ ይህን መስመር ስመላለስ ያየሁት አደጋ አብዛኛው የተወለደው ማርሽ ዘግይቶ ከመቀየር ነውና።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልንገረው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። ደንገጎ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ እሱም እየተጠማዘዘ ገደሉን በጎን በጎኑ ይቧጥጣል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ በቁልቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ ወደ ሐረር። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐዲድን ይህን ተራራ ማስወጣት ግን ከባድም ውድም ስለሆነ መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከተማችን ራሷ የዚህ ዳገት ልጅ ናት ማለት ነው። ባቡር የሸሸውን አቀበት በሚኒባስ ጀልባ ይዘን ስንወጣ ልንንቀው አይገባም።

አሁን ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ እንግባ።

ኩንታል የተሸከመ ሰው ደረጃ ሲወጣ አይታችኋል? ሁለት ሁለት ደረጃ አይዘልም። እርምጃውን ያሳጥራል፣ ቶሎ ቶሎ ይረግጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያነሳው ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ ይበቃዋል። ማርሽም እንዲሁ ነው። በብዙ ሚኒባስ ላይ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ሞተሩ አራት ጊዜ ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛ ላይ ሁለት ከሩብ ገደማ ለአንድ፣ ሦስተኛ ላይ አንድ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ለአንድ፣ አራተኛ ላይ አንድ ለአንድ ነው። አምስተኛ ላይ ጭራሽ ዘንጉ ከሞተሩ ይፈጥናል። ከዚያ ዲፈረንሻሉ፣ ዙሩን ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል፣ እንደገና በአራት ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ አንደኛ ላይ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ አስራ ስድስት ጊዜ ይዞራል፤ አራተኛ ላይ አራት ጊዜ ብቻ። አንደኛና ሁለተኛ «ከባድ ማርሽ» የሚባሉት ለዚህ ነው፦ ፍጥነት ነስተው ጉልበት ይሰጣሉ። ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር እየዞረ ቢሆን፣ አንደኛ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛ ላይ 34፣ ሦስተኛ ላይ 56፣ አራተኛ ላይ 79 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ቁጥሩ እንደ መኪናው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ደንገጎ ላይ እናውጣቸው። ሚኒባሷ ከነሰውና ከነዕቃው 2500 ኪሎ፣ ጀልባዋ ከነሞተሯና ከነተሳቢዋ 1000 ኪሎ ትመዝን፤ ድምሩ 3500 ኪሎ። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ነን እንበል። ዳገቱ ብቻውን 245 ኪሎ በሚያህል ክብደት ወደ ኋላ ይስበናል። የጎማው መንከባለል የሚወስደውን ሃምሳ ኪሎ ጨምሩበት። ሦስት ኩንታል በገመድ ታስሮ ወደ ገደል እንደተንጠለጠለ፣ እኛም እሱን እየጎተትን እንደምንወጣ ቁጠሩት። ያንን ለመጎተት ሞተሩ ማውጣት ያለበት የመጠምዘዝ ጉልበት አራተኛ ማርሽ ላይ 270 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሦስተኛ ላይ 195 ይሆናል። ሁለተኛ ላይ 120 ይበቃል።

ሞተሩስ ምን አለው? ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቆየ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ሞተር ምርጥ ዙሩ ላይ ሲሆን 190 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ያውም ባሕር ዳርቻ ላይ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አቅሙን ከመቶ አስር ያህል ያጣል። የደንገጎ ወገብ ላይ፣ 1600 ሜትር አካባቢ፣ እጁ ላይ የሚቀረው 160 ነው። 270 የሚጠይቀው አራተኛ የማይታሰብ ነው። 195 የሚጠይቀው ሦስተኛም አይደረስበትም። 120 የሚጠይቀውን ሁለተኛ ግን ችሎት ለመጠባበቂያም ይተርፈዋል። «በሁለተኛ ነው የምወጣው» ያልኩት በልማድ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡ ራሱ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። ቱርቦ ያለው አዲስ ሞተር 250 እና ከዚያ በላይ ስለሚያወጣ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ሊይዘው ይችላል። ኩርባው ላይ ግን እሱም ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ ቱርቦ የሚሠራው ሞተሩ ዙር ሲይዝ ነው፣ በ1300 ዙር ላይ ያለ ቱርቦ ደግሞ ተኝቷል።

ሞተሩ ዙር ካጣ በኋላ ነዳጅ መስጫውን መርገጥ ምን ያደርጋል? ብዙ ሹፌር አራተኛ ላይ ሆኖ እግሩን እስከ መጨረሻ ይጭናል። መኪናው ያጉረመርማል፣ ካቢኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ያ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። በዝግተኛ ዙር ከባድ ሸክም መያዝ ፒስተኑንና ኩሽኔታውን ይጎዳል። የውሃ ፓምፑና ማቀዝቀዣው ፋን ከሞተሩ ጋር የሚዞሩ ከሆነ ደግሞ እነሱም ስለሚዘገዩ፣ ሙቀቱ በሚበዛበት ሰዓት ማቀዝቀዣው ይቀንሳል። ሁለተኛ ላይ በ2500 ዙር የሚጮኽ ሞተር ግን እየሠራ ነው። ድምፁ ስለበዛ ተጎዳ ማለት አይደለም። የጌጁ ቀይ መስመር እስኪቃረብ ድረስ ጩኸትን አትፍሩ፤ መፍራት ያለባችሁ ጉርምርምታውን ነው።

ሐረር ውስጥ በፔጆ 404 ታክሲ ያረጁ አዛውንት ሹፌሮችን ብትጠይቋቸው ይህን ሁሉ ቁጥር ሳያነሱ ያስረዷችኋል። ማርሹ መሪው ሥር ነው፣ አራት ብቻ ነው፤ መቼ መቀነስ እንዳለባቸው የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ጆሮን ማሰልጠን ዛሬም ዋጋ አለው፤ በተለይ የዙር ጌጅ በሌለው መኪና ላይ።

የዚያን ለሊት ከተማውን ለቅቀን ሜዳው አልቆ መንገዱ ቀና ማለት ሲጀምር፣ መኪናዋ ገና ዳገቱን ሳትሰማው፣ ሁለተኛ አስገባሁ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ገና እኮ ትችላለች! ሦስተኛ ለምን አትሰጣትም?»

«አቦ ትችላለች፤ እዚያች ኩርባ ላይ ግን አትችልም። እዚያ ስንደርስ ልቀንስ ብል፣ ፍሪሲዮን በረገጥኩባት በዚያች ቅጽበት ጀልባህ ወደ ኋላ ትጎትተናለች። ማርሹ እስኪገባ ፍጥነታችን ያልቃል። ከዚያ አንደኛ ነው፤ ወይ ቆመን እንደገና መነሳት ነው።»

ዳገት ላይ ከተሳቢ ጋር ቆሞ እንደገና መነሳት ፍሪሲዮንን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን ክፍል፣ ከምንም በላይ የሚበላ ነገር ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ካቢን ውስጥ ከገባ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተጎድቷል። ግድ ቆማችሁ ከሆነ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ረዳቱ ከጎማው ኋላ ታኮ ያስገባ። አንደኛ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምርና መኪናው አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ብቻ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ድንጋይ ታኮ ካደረጋችሁ ደግሞ እባካችሁ ረዳቱ ተመልሶ ያንሳው። ደንገጎ ኩርባ ላይ የተተወ ድንጋይ በማታ ለሚመጣ የባጃጅ ልጅ ሞት ነው።

የሙቀት ጌጁን በየኩርባው አዩት። በድሬ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ መነሳት ሞተሩን አስቀድሞ ማድከም ነው፤ ንጋት የመረጥነው ለዚህ ነው። ኤርኮንዲሽን ካለ ዳገቱ ላይ ይጥፋ። ጌጁ መውጣት ከጀመረ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ። እናንተ በላብ ታጥባችሁ ትወጣላችሁ፤ ማሞቂያው ግን እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ስለሚሠራ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን በዝግታ እየሠራ ተዉት፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩስነቱ የሚከፍት ፊቱን ያጣል። ከኋላችሁ መኪና ከተሰለፈ ደግሞ በየሰፊው ቦታ ጠርዝ ይዛችሁ አሳልፏቸው። እናንተ ስላዘገማችሁ የተናደደ ሹፌር ኩርባ ላይ ሲቀድም፣ ከላይ የጫት መኪና በዚያ ፍጥነቱ ሊመጣ ይችላል።

አውቶማቲክ የሚነዳ ሰውም ይህ አይመለከተኝም አይበል። ካምቢዮውን «ዲ» ላይ ትቶ ዳገት የሚገባ አውቶማቲክ ማርሽ ሲጨምር ሲቀንስ፣ ሲጨምር ሲቀንስ ይውላል፤ በእያንዳንዱ ቅያሪ የካምቢዮው ዘይት ይግላል። ኦቨርድራይቩን፣ ከሁሉ ፈጣኑን ማርሽ፣ በቁልፉ አጥፉት፣ ማርሽ መገደቢያውን ሦስት ወይም ሁለት ላይ አድርጉት። ለመኪናው «ከዚህ በላይ እንዳትወጣ» ብሎ መንገር ነው።

ከደንገጎ እስከ ሐረማያ ያለው መንገድ ወጣ ገባ ይላል እንጂ አያስቸግርም። ሦስተኛና አራተኛ ይበቃል። አምስተኛን ተሳቢ ይዤ አልነካትም፤ የምታተርፈው ነዳጅ ትንሽ ነው፣ በትንሽ ጉብታ ሁሉ ወዲያው ትለቃለች። ጀልባ ከክብደቷ ይልቅ በቁመናዋ ነፋስ እንደምትይዝም አስቡ፤ በጎን የሚመታ ነፋስ ተሳቢውን ሊያወዛውዘው ይችላል። ውዝዋዜ ከጀመረ መሪውን ለማረም አትሟገቱ፣ ፍሬንም አትምቱ፤ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱ። አስቀድሞ የሚከላከለው ግን ጭነቱ ነው፦ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ አምስት እስከ አስር ያህሉ መንጠቆው ላይ መጫን አለበት። የጀልባው ሞተር ከኋላ ስለሚንጠለጠል የኋላው ይከብዳል፤ ያኔ ጀልባዋን ተሳቢው ላይ ትንሽ ወደ ፊት መሳብ ነው። ከታች ያለውን የውሃ መውጫ ቡሽም ንቀሉት። ዝናብ ሞልቶባት ብትሄዱ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ መቶ ሊትር ሲሆን አንድ ኩንታል ያልታሰበ ጭነት እየወዲያ እየወዲህ ሲናጥ ይከርማል።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ልጁ ቸኮለ። ሰላሳ ደቂቃ አስቆምኩት። ረጅም መንገድ የመጣ ተሳቢ ጎማው መሐል ያለው ኩሽኔታ ትኩስ ነው። ትኩሱን በቀዝቃዛ ውሃ ስትነክሩት ውስጡ ያለው አየር ድንገት ይጨማደድና በማሸጊያ ጎሚኒው በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ የገባበት ግራሶ ደግሞ ኩሽኔታውን ከወራት በኋላ መንገድ ላይ ይሰብረዋል፤ ያኔ ማንም ከሐይቁ ጋር አያገናኘውም። ሲቀዘቅዝ ተሳቢውን ወደ ኋላ ገፋን፣ ጀልባዋ ተንሳፈፈች፣ ባዶውን ተሳቢ አወጣን። ለማውጣት አንደኛ ሳይሆን ሁለተኛ ተጠቀምኩ። ጭቃ ላይ አንደኛ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጉድጓዱንም ይቆፍራል። ሁለተኛ ለስለስ ብሎ ያነሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል፣ ወደ ቁልቁለቱ። ዳገት ላይ የሚሳሳት ሰው ሞተር ያቃጥላል፤ ቁልቁለት ላይ የሚሳሳት ሰው ግን ሕይወት ያጠፋል።

ከዓመታት በፊት ነው። ከአዴሌ ድንች ጭኜ፣ ከኋላ ፍሬን የሌለው ተሳቢ አስሬ ወደ ድሬ እወርድ ነበር። ወጣት ነበርኩ። አራተኛ ላይ ሆኜ በየኩርባው ፍሬን እየረገጥኩ፣ ስለቅቅ እየፈጠነች፣ መልሼ እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጠረኑ መጣ፤ ብረትና ጎማ የተቃጠለ የመሰለ። በመስታወት ሳይ ከኋላ ጎማ ጭስ ይወጣል። ቀጥሎ የረገጥኩት ፍሬን ለስልሶ እስከ ወለል ወረደ። ስፖንጅ የረገጥኩ መሰለኝ። ሦስተኛ ልስጥ ብዬ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። በዚያች ቅጽበት ሞተሩም ከጎማው ተለያየ፤ መኪናዋ ተለቀቀች፤ ካምቢዮው ጥርሱን አፋጨ፤ ማርሹ አልገባም። ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ያህል ፍሬንም ማርሽም አልነበረኝም። ያተረፈኝ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳቤና በተራራው በኩል ያለው ለስላሳ የአፈር ክምር ነው፤ ጎኗን እዚያ አስደገፍኳት። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ከመኪናዋ መውረድ አልቻልኩም።

ምን ነበር የሆነው? ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ 800 ሜትር ከፍታ እንወርዳለን። 3500 ኪሎ ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አራት ጀሪካን ውሃ! ያ ኃይል የትም አይጠፋም። ሞተሩ፣ አየሩና ጎማው ካልወሰዱት ሁሉም የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው፤ በአራት ጎማ ውስጥ ባሉት ጥቂት ብረቶችና ሸራዎች ላይ። ብረቱ ሲግል ሸራው መንከስ ያቆማል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲሻገር ደግሞ ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ይሁን እንጂ ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግራችሁ የሚጨምቀው እንፋሎቱን ነው እንጂ ፍሬኑን አይደለም፤ ፔዳሉ ስፖንጅ የሆነው ለዚህ ነው። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ያለበትም ለዚሁ ነው። ሌላውን ሁሉ ብታስተዉኝ ይህችን አልተውም።

ማርሽ ቁልቁለት ላይ የሚሠራው ሥራ ይህን ሙቀት ከፍሬኑ ላይ መውሰድ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ሲዞር ይታገላል። ማርሹ ከባድ በሆነ ቁጥር ትግሉ ይበረታል። በቅድሙ ሰባት ከመቶ ቁልቁለት ላይ፣ በግምት፣ ሁለተኛ ማርሽ የመኪናዋን ግፊት አብዛኛውን ይይዘዋል። ሦስተኛ ግማሹን ያህል። አራተኛ ሲሶውን ቢይዝ ነው፤ የቀረው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ነባር ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። አዲሱ ባለቱርቦ ሞተር ሲወጣ ብርቱ ስለሆነ በሦስተኛ ያወጣችሁ ይሆናል፤ ሲወርድ ግን ቱርቦው አይረዳችሁም፤ ሞተሩ ትንሽ ከሆነ የመያዝ አቅሙም ትንሽ ነው። በሦስተኛ ብትወጡም በሁለተኛ ውረዱ። ናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ከቤንዚኑ ያነሰ እንደሚይዝም አትርሱ፤ ቤንዚኑ አየር መግቢያውን ዘግቶ ይታገላል፣ ናፍጣው አብዛኛውን ጊዜ ያ የለውም። ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ጭስ ማውጫ ላይ ተጨማሪ ማፈኛ የሚገጠምላቸው ያንን ለማካካስ ነው።

ማርሹ የሚቀነሰው ደግሞ ደንገጎ ላይ ነው፤ ገና ሜዳው ላይ፣ ገና ቀስ እያላችሁ። ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ መቀነስ የእኔን ሦስት ሰከንድ መግዛት ነው። ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን ነፃ አውጥቶ፣ መውረድማ አይነሳ። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሳ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ቁጠባውም ውሸት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ የፍሬኑን አጋዥና የመሪውን ጉልበት አብሮ አጥፍቷል።

ሁለተኛ ላይ ሆናችሁም ፍሬን መንካታችሁ አይቀርም። አነካኩ ግን አለው። እግር ፔዳሉ ላይ ተኝቶ አይውረድ። ፍጥነቱ 35 ሲያልፍ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ወደ 25 አውርዱት፤ ከዚያ ጨርሳችሁ ልቀቁ። የተለቀቀ ፍሬን ይተነፍሳል፣ ይቀዘቅዛል። በየብየዳ ቤቱ የሚሠራው ትንሽ ተሳቢ ብዙ ጊዜ የራሱ ፍሬን የለውም፤ በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን መንገድ አይወጣም። የእናንተ ፍሬን ከሌለው፣ የተሳቢው አንድ ቶን ሁሉ በሚኒባሱ ፍሬን ላይ እንደሚያርፍ ቆጥራችሁ ውረዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ደወለልኝ። የጀልባዋ ወለል ድንጋይ ነክቶት ተሰንጥቋል፤ ለጥገና ድሬ መውረድ አለባት። ደንገጎ ላይ ጠርዝ ይዤ ቆምኩ፣ ሁለተኛ አስገባሁና ተነሳሁ። ሞተሩ ጮኸ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አላለም፤ ዓይኑን ከዙር ጌጁ ላይ አልነቀለም። ጫት የጫኑት አለፉን፣ ሚኒባሶች አለፉን፣ አንድ ባጃጅም አለፈን። ከታች ሙቀቱ ሲቀበለን አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኩ። ልጁ ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ ፊት ጎማው ቸርኬ አስጠጋ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ሄዶ እዚያም ሞከረ።

«ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም ጋሼ» አለኝ።